ከካፖርቱ በፊት ጫማው

አማርኛችን ለዚህ አገር አልተዘጋጀም። እንደ ጠጠር ወርዶ እሸት የሚያረግፈውንም፣ ባልዲ ውስጥ የረጋውን ውሃም፣ እዚህ ሞስኮ ላይ እንደ ላባ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደውንም፣ ሁሉንም «በረዶ» ብለን እንገላገላለን። (አመዳይ የሚል ቃል አለ፤ ነገር ግን ከመዝሙረ ዳዊት ወጥቶ በመንገድ ሲነገር የሰማ ከመካከላችን የለም።) ሩሲያኖቹ ግን በየፈርጁ ስም አውጥተውለታል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው «ስሊያኮት» የሚሉት ነው፤ በረዶው ቀልጦ ከጭቃ ጋር ሲቦካ የሚሆነው ግራጫ ገንፎ ማለት ነው። ጫማ የሚገዛው ለበረዶው ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነውና።

አዲስ ገቢ ሁሉ በመስከረም ከአውሮፕላን እንደ ወረደ የሚያስበው ስለ ካፖርት ነው። እናቶቻችንም በስልክ «ልጄ፣ ካፖርት ገዛህ ወይ?» ይላሉ እንጂ «እግርህስ?» አይሉም። አይፈረድባቸውም። በእኛ አገር ብርድ የሚገባው በትከሻ ነው፤ ጋቢ ደረብ ካደረጉ ነገሩ አለቀ። እዚህ ግን ብርዱ ከመሬት ነው የሚነሣው። ደግሞ የፎቶግራፉም ነገር አለ፤ ለአገር ቤት በሚላከው ፎቶግራፍ ላይ ካፖርቱ ይታያል፣ ጫማው በረዶ ውስጥ ተቀብሯል። ሥነ ጽሑፍ የምናጠና ሰዎች ጎጎልን ማንሣታችን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1842 በታተመው «ካፖርት» በተባለው ታሪኩ ያ ምስኪን ጸሐፊ ለአዲስ ካፖርት ሲቆጥብ የማታ ሻይና ሻማ መተዉን ሁሉም ያስታውሳል። የጫማው ሶል ቶሎ እንዳያልቅበት በእግሩ ጣቶች ያህል ቀስ እያለ መራመዱን ግን ማን ልብ አለው?

ባለፈው ዓመት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ነበር፤ ወንድማችን ነውና ስሙን አንጽፍም። ቤተሰቦቹ ከብት ሸጠው የሰጡትን ገንዘብ እስከ ሰኔ ማድረስ ስለ ነበረበት ርካሽ ጫማ ገዛ። ሻጩ «የክረምት ነው» አለው። ጫማው ግን «ዴሚሴዞን» የሚሉት፣ ብርዱ ሳይጠና በፊትና ከላላ በኋላ የሚደረገው፣ ገበሩም ስስ ጨርቅ ነበር። ያውም ልክክ ያለ። ልጁ ሁለት ካልሲ ደርቦ እግሩን ጠቅጥቆ አስገባና ግጥም አድርጎ አሰረው። ጥር ላይ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምሽት፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ ቆይቶ ሲመጣ ሦስት ጣቶቹ እንደ ሰም ገርጥተው ደርቀዋል። ቢነኩትም አይሰማውም። ጎረቤቶቹ አንዱ «እንሸው» ሲል፣ ሌላው «ባታሬያው ላይ ያስጠጋው» ሲል የመኝታ ቤታችን በር ጠባቂ ባቡሽካ ደርሰው ሁሉንም ገሠጹ። እውነታቸውን ነው። ውርጭ የመታው ሥጋ ከታሸ ይቆስላል፤ የደነዘዘ እግር ደግሞ ትኩሳቱ ስለማይታወቀው ማሞቂያ ላይ ሳያስበው ይቃጠላል። የሚደረገው ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ሐኪም መጥራት ነው። ጣቶቹ ተረፉ፣ ሁለት ጥፍር ረግፎ እንደገና በቀለ። የጥሩን ፈተና ግን ሳይቀመጥ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጫማ ሙቀት አይሠራም። ሙቀቱን የሚያመጣው ደም ነው፤ ጫማው ይዞ ያቆያል እንጂ። የጠበበ ጫማ ደሙንም ያግዳል፣ ሙቀት የሚይዘውንም አየር ያስወጣል፤ ስለዚህ በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ ከአንዱ የባሰ ነው። ወደ ሱቅ ሲኬድ ወፍራሙን የሱፍ ካልሲ ይዞ፣ እግር ውሎ ሲያብጥ ከቀትር በኋላ መሄድ ነው። ጣቶች እንደ ልባቸው ካልተፍተለተሉ አንድ ቁጥር ከፍ! «እግሬ ጀልባ መሰለ» የሚል አይጠፋም። ኧረ ጀልባ ይምሰል! የጥጥ ካልሲ ላብ ጠጥቶ ይዞት ይቀራል፤ ሱፍ ግን ርሶም አይከዳም። በርኖስ የሚለብሱት መንዞች ይህን ካወቁ ስንት ዘመናቸው ነው።

ሶሉን በጥፍር ጫን ብሎ ማየት ነው። ወፍራምና ለስለስ ያለ ጎማ፣ ጥርሱም ጠለቅ ያለ ይሁን፤ ደረቅ ፕላስቲክ በብርድ እንደ ብርጭቆ ሆኖ ይንሸራተታል፣ ይሰነጠቃል። ከአገር ቤት ከስክስ ተጫምተው የሚመጡ ጀግኖች አሉ፤ ገበር የሌለው ከስክስ ለሰልፍ እንጂ ለዚህ ውርጭ አይሆንም። ስለ ባለታኮው ቦት እኅቶቻችንን ደፍረን አንናገርም፤ በረዶው ራሱ ይናገራል።

ቫሌንኪንም ሳናነሣ አናልፍም። ከበግ ጠጉር በሙቅ ውሃ እየታሸ፣ ያለ ስፌት የሚሠራ ጫማ ነው፤ የቀድሞው ዓይነት ግራና ቀኝ እንኳን አልነበረውም። በደረቅ ብርድ አቻ የለውም። ስሊያኮት ካገኘው ግን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሩሲያኖቹ ከላይ የጎማ ጋሎሽ ያጠልቁበታል። ለገጠሩ እንጂ ለሜትሮ አይመችም፤ ቢሆንም ከመካከላችን ለአንድ ቀን ያደረገው ሰው ስለ ሙቀቱ ሲያወራ እስካሁን አልጨረሰም።

የሊስትሮ አገር ልጆች ነንና ጫማ መያዝ ማለት ማስወልወል ይመስለናል። እዚህ መያዝ ማለት ማድረቅ ነው። የከተማው ሠራተኞች በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ነክ ኬሚካል ይበትናሉ፤ ውሃው ከዜሮ በታች ሆኖም አይረጋም፣ ቆዳ ውስጥ ይገባና ሲደርቅ ነጭ ካርታ ሥሎ ይቀራል፣ ቆዳውም ይከረክራል። ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጎ በጨርቅ መጥረግ፤ የውስጡን ንጣፍ አውጥቶ ለብቻው ማስጣት፤ ጋዜጣ ጨምድዶ መጠቅጠቅ፤ ጋዜጣው ሲረጥብ መለወጥ። ባታሬያ ላይ ማስቀመጥ ቆዳውን ያሰነጥቃል፣ የሶሉንም ማስቲሽ ያስለቅቃል። ቅባቱ የሚቀባው ከደረቀ በኋላ ነው፤ በእርጥቡ ላይ ከተቀባ ውሃውን ውስጥ ይዘጋበታል። ሁለት ጥንድ እያፈራረቁ መጫማት ምንኛ ደግ ነበር! ለተማሪ ግን ሁለተኛ የሱፍ ንጣፍ ይበቃል፤ ዋጋው የአንድ ምሳ ያህል ነው።

በሰኔ ጨርሰው የሚሄዱ አንጋፋዎቻችን ጫማቸውን ለተተኪ ይተዋሉ። አንድ ነገር እንለምናቸዋለን፤ አድርቀው፣ ቀብተው፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ይተዉት፤ አምና ሁለት ጥንድ ሻግቶ ጥለናል። አሁን በሦስተኛው ፎቅ ቁም ሣጥን ውስጥ 41 ቁጥር አንድ፣ 43 ቁጥር ሁለት ጥንድ አለ። የሴት 38 የለንም፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት እኅቶች ጠይቀውናል።