አሞናይት ለቀማ በጠመኔው ገደል ሥር

ጠመኔ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጥቁር ሰሌዳና አቧራ የለበሰ የአስተማሪ እጅጌ ነው። የሰሌዳው ጠመኔ እንኳ ብዙውን ጊዜ ጂፕሰም ነው። እኔ የማወራችሁ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ባሕር ዳር እንደ ግድግዳ ስለቆመው፣ በዓይን ከማይታዩ የባሕር አልጌዎች የኖራ ቅርፊት ስለተሠራው እውነተኛ ጠመኔ ነው። የክሪቴሽየስ ዘመን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው። “ክሬታ” በላቲን ጠመኔ ማለት ሲሆን፣ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1822 ያወጣው የቤልጅየሙ ጂኦሎጂስት ዶማሊየስ ዳሎዋ ነበር።

አምና ክረምት ፎክስቶን ከተማ አክስቴ ዘንድ አንድ ወር ተኩል ቆይቼ ነበር። መዶሻዬን ከሻንጣ ሳወጣ “ድንጋይ ካገርህ ጠፍቶ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው?” ብላ ሳቀችብኝ። ከጎረቤቷ ጋር ያስተዋወቀችኝ ግን እሷው ናት። ሰውየው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ሲሆኑ አርባ ዓመት ሙሉ አሞናይት ሲለቅሙ ኖረዋል።

ከሌላ ትምህርት ክፍል ይህን ለሚያነብ ሰው፣ አሞናይት ከዳይኖሰሮቹ ጋር አብሮ የጠፋ፣ የስኩዊድ ዘመድ የሆነ የባሕር እንስሳ ነው። ቅርፊቱ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ስለሆነ ስሙ ባለ ቀንድ ከሆነው የግብፅ አምላክ ከአሞን ተወሰደ። ሮማዊው ፕሊኒ “የአሞን ቀንድ” የተባለውን ወርቃማ ድንጋይ ከኢትዮጵያ ቅዱስ ድንጋዮች መካከል ቆጥሮታል፤ በእርግጥ በእርሱ ዘመን ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በታች ያለው አገር ሁሉ ነው። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው “እንግዲያው ባለቤቱ አንተ ነህ” አሉኝ።

የምንለቅመው ከከተማው በስተምሥራቅ ዋረን በሚባለው ባሕር ዳር ነበር። እዚያ ጠመኔው የተቀመጠው ጎልት በሚሉት ሸክላ ላይ ስለሆነ መሬቱ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ1915 የወረደው ናዳ የባቡሩን ሐዲድ ከቦታው አንሸራቶት መሥመሩ እስከ 1919 ተዘግቷል። ስለዚህ ገደሉን መፈልፈል የለም። ባሕሩ ሲሸሽ ይወረድና የወደቀውን ድንጋይ ብቻ እያገላበጡ ማየት ነው። ሽማግሌው ከገደሉ ጠጋ ባልኩ ቁጥር ያፏጩብኛል።

የሸክላው አሞናይት የሚያምር ነው፣ ቅርፊቱ እስካሁን እንደ ዕንቁ ያብረቀርቃል። የጠመኔው ግን ቅርፊት የለውም። የአሞናይት ቅርፊት አራጎናይት ስለነበረ ጠመኔው ውስጥ ሟሟ፤ ካልሳይት የለበሱት የባሕር ጃርቶች ግን ሳይነኩ ቀሩ። የቀረልን ጭቃው በውስጡ ገብቶ የያዘው ቅርጽ ብቻ ነው፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ተጨፍልቆ። ሰው ይንቀዋል። እኔ ደግሞ እሱን ወደድኩት፤ ምክንያቱም የወደቀ ድንጋይ አድራሻውን ቢያጣም አድራሻውን የሚመልስለት ይኸው የተጨፈለቀው ነገር ነው። ግራጫ ሆኖ ባልጩት የሌለበት ድንጋይ ከታችኛው ጠመኔ መጣ ማለት ነው። ውስጡ ማንቴሊሰራስ ካለ (የሉዊሱ ሐኪም ጊዲየን ማንቴል መታሰቢያ ነው) የሴኖማኒያን መጀመሪያ፣ አካንቶሰራስ ካለ ደግሞ መካከሉ ነው። ሁሉም ከ100 እስከ 94 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ።

ልመጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ሽማግሌው ሁለት ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አንደኛው ሳህን የሚያህል፣ እንከን የሌለው አካንቶሰራስ ነበር፤ ከሟች ሰብሳቢ ዕቃ ጋር የገዙት ሲሆን ከየት እንደወጣ የተጻፈ የለም። ሁለተኛው በክብሪት ሣጥን ውስጥ ያሉ ሦስት የተጨፈለቁ ማንቴሊሰራሶች ነበሩ፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ንብርብሩ፣ አጠገባቸው ምን እንደነበረ ሁሉ በእርሳስ ተጽፎ። “ለትምህርት ክፍላችሁ አንዱን ምረጥ” አሉ።

አክስቴ “ትልቁን ውሰድ እንጂ፣ ምን ያስጨንቅሃል!” አለች። እኔ ግን የቤተ ሙከራችን ቁም ሣጥን ትዝ አለኝ። እዚያ ስድስት አሞናይቶች አሉ፣ ሁሉም ላይ “ዐባይ” ብቻ ተጽፏል። ብላንፎርድ ከ1868ቱ የእንግሊዝ ዘመቻ ጋር መጥቶ በትግራይዋ አንታሎ ስም የሰየመው የኖራ ድንጋይ፣ በዐባይ ሸለቆ ውፍረቱ በመቶዎች ሜትር ይቆጠራል። ጁራሲክ ስለሆነ ጠመኔውን በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ይቀድማል፤ ጠመኔው ሲረጋ ባሕሩ ከዐባይ በኩል ከሸሸ ቆይቷል። አሞናይት በእኛ ድንጋይ ውስጥ ብርቅ ነው፣ ዕድሜውን በደንብ የሚነግረን ደግሞ እሱ ነው። “ዐባይ” የሚል ወረቀት የትኛውን ሜትር ይነግረኛል? የክብሪቱን ሣጥን ወሰድኩ። አክስቴ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ኩርፊያዋ አልለቀቃትም።

ከተመለስኩ ወዲህ በስድስቱ ላይ ስጠያይቅ ከረምኩ። የአንዱን ቦታ አንድ መምህራችን ጠመዝማዛው ውስጥ ከቀረው ቢጫ ማርል አወቁት፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ያለ መታጠፊያ ነው። ሁለተኛውን ቀድሞን የተመረቀ ልጅ በመስክ ደብተሩ ላይ ሥሎት ተገኘ፣ ከፍታው ሳይቀር። አራቱ ቀርተዋል። በመስክ ጉዞ ዐባይ የወረዳችሁ ሁሉ፣ የድሮ ደብተራችሁን ይዛችሁ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ብቅ በሉ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ እጠብቃችኋለሁ።