የካቲት 26 እና አባቴ

ቤታችን የካቲት 23ን ያከብራል። ልጄ ከካርቶን ጋሻና ጦር ሠርቶ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ አባባም ጋቢውን ደርቦ የልጁን ፉከራ እየሰማ ይስቃል። ከዓድዋ ሦስት ቀን በኋላ የሚመጣውን የካቲት 26 ግን ኩየራ እኛ ቤት ማንም አያነሳውም ነበር። በዚያን ቀን አባባ ማልዶ ወደ ማሳው ይወርድና የሚመለሰው ሲመሽ ነው። ልጆች ሳለን ምክንያቱን ስንጠይቅ እናታችን «ተዉት» ብቻ ነበር የምትለን።

የምናውቀው ትንሽ ነው። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከየገበሬ ማኅበሩ ወጣት ይመለመል ነበር። አባባም ከአንድ የሰፈሩ ልጅ ጋር ተመልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ሁለቱም ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። ጥቂት ወራት ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ ተላኩ። የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ካራማራን አልፎ ከተማዋን አስለቀቀ። አባባ ጭኑን ቆስሎ ተመለሰ። ጓደኛው አልተመለሰም። አባባ ሚሊሻ ስለነበር ሜዳልያም ጡረታም የለውም። በብርድ ጊዜ የሚያነክስበት እግር ግን አለው።

ዝምታውን የሰበረው የልጄ ስልክ ነው። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለው የትግላችን ሐውልት የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተሰብስበው የካራማራን ድል ሲያከብሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘና አባባ አጠገብ ተቀመጠ።

«አባባ፣ አንተም እዚህ ጦርነት ላይ ነበርክ?»

አባባ ስልኩን ተቀብሎ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየው። መልስ ሳይሰጥ ተነስቶ ወጣ። እኔም ልጁን ተቆጣሁት፤ አሁን ሳስበው መቆጣት አልነበረብኝም። በሳምንቱ አባባ ራሱ «የሚቀጥለው ዓመት ውሰጂኝ» አለኝ።

ዓመቱ ደረሰና ሌሊት ተነስተን በሚኒባስ ሄድን። ዝዋይን አልፈን መቂ እስክንደርስ አልተናገረም። ሞጆ አካባቢ «እኛን በጭነት መኪና ነው የወሰዱን። ስንዘፍን ነበር የሄድነው። ዘፈኑን ረስቼዋለሁ» አለ። ጥቂት ቆይቶም «ከእነሱም የሞቱት ልጆች ነበሩ። ፊታቸውን አይቻለሁ» ሲል ጨመረ።

ሐውልቱ ጋ ስንደርስ ሰው ሞልቷል። ሜዳልያ የደረደሩ፣ በክራንች የቆሙ፣ የድሮ ቆባቸውን ያጠለቁ ሽማግሌዎች ናቸው። አባባ በዘወትር ኮቱ ዳር ላይ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ማንም ዞር ብሎ ባያየውስ ብዬ ሰግቼ ነበር። አንድ ሜዳልያ ያደረጉ ሰው መጥተው «ወንድሜ፣ ከየትኛው ክፍል ነህ?» አሉት። «ሚሊሻ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ሰውየው ቆባቸውን አውልቀው ትከሻውን ሦስት ጊዜ ሳሙት። የተደረጉትን ንግግሮች ሁሉ ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም።

አበባው ተቀምጦ ሰው መበተን ሲጀምር አባባ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። እዚያ የሞቱ ኩባውያን ፎቶ አለ። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያለፈ፣ ዓይኑን አጥብቦ ያያል።

«ማንን ነው የምትፈልገው አባባ?»

«እሱን።»

«እነዚህ እኮ ኩባዎች ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለኝ፤ ማየቱን ግን አላቆመም።

ኩባ ከአፍሪካ ጦርነቶች የሞቱ ልጆቿን አጽም ሰብስባ በ1982 ኅዳር መጨረሻ በአንድ ቀን በየትውልድ ቦታቸው ቀብራለች። ከኢትዮጵያ የተወሰዱትም አሉበት። ይህን በመንገድ ላይ ለአባባ ነገርኩት። ምናልባት ባልነግረው ይሻል ነበር። «እናቶቻቸው የሚያለቅሱበት አገኙ ማለት ነው» አለና የቀረውን ያወጣው ያኔ ነው።

ጓደኛው የሞተው አጠገቡ ነበር። ኩየራ ሲመለስ ግን ለእናቱ «በሌላ ክፍል ነበርን፣ አላየሁትም» አላቸው። «የት ቀበርከው ቢሉኝ ምን እላለሁ? አልቀበርኩትም፤ ተሸክመውኝ ሲሄዱ እዚያው ነበር» አለኝ። እናቱ በር በሩን እያዩ ኖረው ሞቱ። እህቱ ግን አሉ። ሆስፒታሉ አካባቢ ድንች ይሸጣሉ፤ እኔም ስንት ጊዜ ገዝቻቸዋለሁ። ከአርባ ዓመት በላይ አባባ እሳቸውን ባየ ቁጥር መንገድ ይሻገር እንደነበር ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ለአገር ስለዘመቱ ሰዎች ድጋፍ ሲነሳ እኛ ቤተሰቦች የምናስበው ስለ ጡረታና ስለ ሕክምና ነው፤ ያስፈልጋልም። እናንተም ቤት በሆነ ቀን ማልዶ የሚወጣ ሰው ካለ ግን አንድ ጊዜ አብራችሁት ውጡ። እኔ በሃምሳ ዓመቴ ነው የወጣሁት።

ቅዳሜ ኩየራ ጸጥ ይላል፤ ሱቁም ይዘጋል፣ ገበያም የለም። እሑድን ጠብቀን እህቱ ቤት ሄድን። አባባ በእጁ አንድ ኪሎ ቡና ይዟል። የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። ሁሉንም ነገራቸው፤ የዋሸውንም ጭምር። ይቆጡታል፣ ይረግሙታል ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ጫማ አድርጎ ነበር?»

ወንድማቸው ከኩየራ ሲወጣ ባዶ እግሩን ነበር። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ የሚያነሱት ይህንኑ ነበር አሉ።

«አድርጎ ነበር» አለ አባባ። «ታጠቅ የሰጡን ነው። ጠቦት ስለነበር አረማመዱን እያየን ስንስቅበት ነበር።»

እትዬም ሳቁ። ቀጥለው አለቀሱ፤ ከዚያም ያመጣንላቸውን ቡና ሊያጥቡ ተነሱ። አባባ ከሰሉን ያራግብ ጀመር። እኔ ደጅ ወጥቼ ልጄ ዘንድ ደወልኩና ራት ላይ እንዳይጠብቁን ነገርኩት።