«ውጭ አገር ናት»

ገናን ልናከብር ላሊበላ የሄድን ጊዜ ነው። ከከተማው ወጣ ብለን ነአኩቶ ለአብ ደረስን። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ በድንጋይ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ጠበል ነው። አንዲት እናት የወጣት ልጃቸውን እጅ ከራሳቸው እጅ ጋር በነጠላ አስረው ቆመዋል። ልጁ ብቻውን ያወራል።

ከመሀላችን አንዱ «ይሄማ ለይቶለታል!» አለ። ሳቅን።

እናትየው ሰሙን። «ታሞብኝ ነው ልጆቼ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኛ ግን ቃል ሞልቶናል፦ ንክ፣ ወፈፌ፣ ጨርቁን የጣለ፣ ብሎኑ የላላ። የስኳር በሽተኛን የምንሰድብበት አንድ ቃል እንኳ የለንም! ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረውን አማኑኤልን ሳይቀር ስድብ አድርገነዋል። ወላጆቻችን ዛር ነው፣ ቡዳ ነው ይላሉ፤ እኛ «የተማርነው» እንስቃለን። ማን ይሻላል?

ፈረንጆቹም ስቀዋል። እስከ 1770 እ.ኤ.አ. ድረስ የለንደን ሰው ቤድላም ሆስፒታል እየገባ ሕሙማኑን እንደ ትርዒት ያይ ነበር። የቤልጂየሟ ጊል ከተማ ግን ሌላ ታሪክ አላት። በመካከለኛው ዘመን ከቅድስት ዲምፍና ፈውስ ፍለጋ የመጡ ሕሙማን ሲበዙ ነዋሪው ቤቱ አስገባቸው። ልማዱ ዛሬም አለ። መነሻው እንደ ላስታው ሁሉ እምነት ነበር።

ደግሞስ ጠበልና ሐኪም ማን አጣላቸው? በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ይህም በሽታ እንደዚያው ነው፤ ጸሎቱ ይቀጥል፣ ኪኒኑም አይቋረጥ።

ማታ ሆቴል ገብተን ስናወጋ ያ «ለይቶለታል» ያለው ጓደኛችን ዝም አለ። ቆይቶ «እህቴ እኮ ውጭ አገር አይደለችም» አለን። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዱባይ ናት» ሲለን ከርሟል። ልጅቷ ግን ጓዳ ናት፤ ታማለች።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ዛሬ አልሳቃችሁም?»

አዲስ አበባ እንደተመለስን እሁድ ቤታቸው ሄድን። እናቱ በሩን ከፍተው ትንሽ ቆሙ። ለካ እሷን ብሎ የመጣ እንግዳ የለም። ቡና ተፈላ። እሷም ወጥታ አጠገባችን ተቀመጠች፤ ብዙ አላወራችም፤ እኛም አላስጨነቅናትም። ስንወጣ «መቼ ትመጣላችሁ?» አለች።

እስቲ ወዳጄ፣ «ውጭ አገር ናት» የተባለች የጓደኛህ እህት የለችም?