ስንቅ ያለ ትጥቅ፦ የአንድ ቀን የጫካ ውሎ ከግምጃ ቤት

ከእንጅባራ በስተ ደቡብ የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ግምጃ ቤት ትገኛለች። «ግምጃ ቤት» እንደሚታወቀው የዕቃና የንብረት ማኖሪያ ማለት ነው፤ እኛም ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ዕቃ ነው። ሰው ለአንድ ቀን ወደ ጫካ ሲወጣ ምን ይያዝ? ምንስ ትቶ ይሂድ?

አንከሻ ከሰባት ቤት አገው አንዱ ነው። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ የማይለየው፣ ሕዝቡ አዊኛና አማርኛ እያፈራረቀ የሚያወራበት ለምለም አገር ነው። እንግዳ ሰው ከሩቅ ሲያየው ሁሉም ጫካ ይመስለዋል። ነገር ግን ከሚታየው አረንጓዴ ብዙው ባሕር ዛፍ፣ ብዙው ደግሞ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለው ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ይቆርጠዋል፣ ከሰል አድርጎ እስከ አዲስ አበባ ይልከዋል። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን በቆርቆሮ የለወጠውና ልጁን ያስተማረው በዚህ ዛፍ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በሽታ ስለገባበት ዛሬ ስንት ገበሬ እያዘነ ነው። ይሁን እንጂ ይህ እርሻ እንጂ ጫካ አይደለም። ጫካ የምንለው በወንዝ ዳር፣ በገደል አፋፍና በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የቀረውን ነው፤ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ወይራውና ቀርከሃው ያለበትን። ሚዳቋና ድኩላ የሚሸሸጉትም እዚያው ነው።

ነገሩን ያስነሱት ተማሪዎቻችን ናቸው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ስለ ድሮ አደን የሚያወሩትን ሲሰሙ ከርመው «መምህር፣ እኛስ አንድ ቅዳሜ አደን ብንወጣ?» አሉን። አዛውንቱን እንደ አገሩ ወግ «አያ» እንላቸዋለን። ክርስቲያን ናቸው፤ በወጣትነታቸው በአዳኝነት የታወቁ ነበሩ። ጥያቄውን ወደ እርሳቸው ወሰድንና «አያ፣ ያኔ ለአደን ሲወጡ ምን ምን ይይዙ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። የጀብዱ ወሬ እንሰማለን ብለን ነበር፤ እርሳቸው ግን የጀመሩት ከበሶ ነው።

በሶ በትንሽ ስልቻ፣ ጨው በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ውኃ በቅል፣ ቢላዋ፣ ጠፍር፣ ለዝናቡ ገሳ፣ ለዳገቱ ዱላ፣ ከዚያም ውሻ። ምንሽሩና ዝናሩ የተጠሩት በመጨረሻ ነው። «ጥይት ሦስት ከሆነ ይበቃል» አሉን። «በሦስት ያልቀናው በሠላሳም አይቀናው። በሶውን የረሳ ግን ከቀትር በኋላ ዐይኑም አያይለት።» ልጆቹ ሳቁ። እኛ ግን ዝርዝሩን በደብተር ጻፍነው፤ ምክንያቱም ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዕቃዎች በቀር ሁሉም ዛሬም የሚያስፈልግ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሁለቱን ለምን እንተዋቸዋለን? በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው፤ ጠብመንጃ መያዝም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። በፈቃድና በክፍያ የሚታደንባቸው የተከለሉ ቦታዎች በባሌና በአርሲ በኩል አሉ፤ ያ ግን የግምጃ ቤት ተማሪ በቅዳሜ ዕረፍቱ የሚሞክረው ነገር አይደለም። ከሕጉ በላይ ወላጅን የሚያሳስበው ሌላ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሳው ግጭት ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል። በዛፍ መካከል መሣሪያ አንግቶ የታየን ወጣት «ይህ ድኩላ ሊያድን ነው» ብሎ የሚያልፈው ማን ነው? ባዶ እጁን የሚሄድም ቢሆን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቆ፣ የሚሄድበትን ለቤተሰቡ ነግሮ ሊወጣ ይገባል። የሚያጠራጥር ወሬ ካለ ደግሞ ጫካው የትም አይሄድምና ቤት መዋል ነው።

በሸሪዓችን አደን በመሠረቱ የተፈቀደ መሆኑን ወጣቶቻችን ያውቃሉ። በሱረቱል ማኢዳ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘው ተፈቅዷል፤ ዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ውሻ አደን ጠይቀው ያገኙት መልስም በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል፦ ውሻው በአላህ ስም ከተላከና ከያዘው ራሱ ካልበላ ይበላል፤ ሌላ ውሻ ከተቀላቀለበት ግን ማን እንደገደለው አይታወቅምና ይተዋል። ልብ በሉ፤ ጥርጣሬ ሲገባ ሥጋው ይቀራል ማለት ነው። እንግዲህ ሕጉ ያን ያህል የተጠነቀቀ ከሆነ፣ ልጆቻችን በኪሳቸው ሸጉጠው የሚወጡት ወንጭፍ ከየት ሊመደብ ነው? በድንጋይ ተመትቶ የሞተ ወፍ ሳይታረድ ከሞተ አይበላም፤ ያው በማኢዳ ምዕራፍ ተደብድቦ የሞተ ከተከለከሉት ተቆጥሯል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ጠጠር ማስፈንጠርን ከልክለዋል፤ አውሬ አያድንም፣ ጠላት አይመታም፣ ጥርስ ይሰብራል፣ ዐይን ያጠፋል በማለት። በሕይወት ያለን ፍጡር ለዒላማ መለማመጃ ማድረግም እንዲሁ ተከልክሏል። ስለዚህ ወንጭፉ የጤፍ ማሳ ጠባቂ ካልሆኑ በቀር ቤት ይቅር ብለናል። ሁለት ልጆች አኮረፉ፤ ደግነቱ የልጅ ኩርፊያ እስከ ምሳ ነው።

አሁን ወደ ሻንጣው እንመለስ። ከሁሉ በፊት ጫማ ነው። ሸራ ጫማ በዚህ አገር ጭቃ አንድ ሰዓትም አይቆይም። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጠንካራ የቆዳ ጫማ ያለው ሰው ሌላም ጥቅም ያገኝበታል፦ ጠዋት ውዱእ አድርጎ ከተጫማው፣ በአገሩ ያለ ሰው እስከ አንድ ቀንና ሌሊት እግሩን ሳያጥብ በላዩ ላይ ማበስ ተፈቅዶለታል። በኅዳር ብርድ፣ በበረዶ ቀዝቃዛ ምንጭ ዳር ለቆመ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ጫማውን መሐል ላይ ካወለቀ ግን ፈቃዱ ይቋረጣልና እግሩን ማጠብ አለበት።

ውኃ እንደ ቆላ አገር ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም፤ የአዊ ምድር ምንጭና ጅረት የሞላበት ነው። ሆኖም ከምንጭ የተቀዳ ሁሉ ይጠጣል ማለት አይደለም። ከቤት የፈላ ውኃ በኮዳ ለመጠጥ፣ አንዲት ጣሳ ደግሞ ለውዱእ እንይዛለን። ጣሳዋ የተያዘችው ምንጩ ውስጥ እጅና እግር እንዳይነከር ነው፤ ውኃው ቀድቶ ፈቀቅ ብሎ ነው የሚታጠበው። ከታች የምትቀዳ እናት አለችና። በመንገድ፣ በጥላና በውኃ መውረጃ ላይ መጸዳዳት በሐዲስ የተወገዘ ስለሆነ አንዲት ትንሽ መቆፈሪያም ትጨመራለች።

ስለ ምግብ ትንሽ ዘርዘር እናድርግ። የኛ ጉዞ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች አብረው የሚወጡበት ነው። እንደ አገራችን ልማድ ሥጋው ይለያያል፤ ረቡዕና ዓርብ ወይም የጾም ወቅት ከሆነ ደግሞ ለክርስቲያኖቹ ወተትና ቅቤውም ይቀራል። ሥጋ የያዘ አገልግል ይዞ መውጣት ልጆቹን ገና በመጀመሪያው ዕረፍት ሁለት ቦታ ያስቀምጣቸዋል። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦና ማር ግን ማንንም ከማንም አይለዩም። አያ በዝርዝራቸው ሥጋ ያልጠሩት «ይገኛል» ብለው ይሁን አይሁን አልጠየቅናቸውም፤ ለእኛ ግን ተስማምቶናል። በመንገድ ላይ እንጆሪና ኮሽም ከተገኘ ደስታ ነው፤ ያላወቁትን ፍሬ መቅመስ ግን ክልክል ነው።

ለሰላት የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ሰጋጃ ይከብዳል፤ ጋቢ ሁለቱንም ይሠራል። ቂብላ ከዚህ አገር ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ ጫካ ውስጥ ግራ ለገባው አንዲት ትንሽ ኮምፓስ ትበቃዋለች። ዙህር የሚገባው ቀን በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንዳንድ ልጆች «መንገደኛ ነን፣ እናሳጥር» ይላሉ፤ ለጥቂት ሰዓት ከከተማ ወጣ ብሎ የሚመለስ ሰው ግን መንገደኛ አይባልምና አራቱን ረከዓ ይሰግዳል።

የቀረው በአጭሩ፦ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፣ ባትሪ፣ ፋሻና ሳሙና፣ ለዝናብ ሰፊ ላስቲክ፣ ገመድ፣ ደብተርና እርሳስ። ፈረስ አንጭንም። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ነገር ግን ፈረስ ካለ ሰው ብረት ድስት ሳይቀር ይጭናል።

ጫካ ለማያውቁ ትንንሽ ልጆች ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ዘንገና ሐይቅ ይሻላል። በእሳተ ገሞራ አፍ የተፈጠረ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ውብ ቦታ ነው። ጥልቀቱ ከ150 ሜትር በላይ ስለሆነና ዳሩ ወዲያው ስለሚዘቅጥ ልጅ ዋና እንዳይገባ መጠበቅ ነው።

አያ ከእኛ ጋር ወጡ። ዱላቸውንና በሶአቸውን ይዘው ነበር፤ ውሻቸውን ቤት አስረውት ነበር፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ምራቁ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ መታጠብ እንዳለበት ሰምተው «ለምግባችሁ ብዬ ነው» አሉን። በወንዙ ዳር እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጠው የሚዳቋን ኮቴ ከፍየል፣ የከርከሮን ከድኩላ እንዴት እንደሚለዩ አሳዩ። የዛሬ ጠዋቱን ዱካ ከትላንቱ የሚለዩት በጠርዙ ነው፤ ትኩሱ ስለት አለው፣ ያደረው ይፈርሳል። የጃርት እሾህ አነሱና በየትኛው በኩል እንዳለፈች ተናገሩ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የበሶ ዱቄት በተን አደረጉ። ልጆቹ ከወንጭፍ የበለጠ ጸጥ ያሉት ያን ጊዜ ነው። አንደኛው ልጅ «አያ፣ አሁን መሣሪያው ቢኖር?» አላቸው። ዱካውን አይተው «ይቺ ልጅ አላት፤ ትንሹን ኮቴ አታይም?» አሉት። ልጁ ሁለቱንም ኮቴ በደብተሩ ላይ ሣላቸው።

ዐስር ሰግደን ዐሥር ሰዓት ላይ መመለስ ጀመርን፤ ከመግሪብ በፊት ከተማ መግባት አለብንና። ባትሪው አልተነካም፤ ላስቲኩ ግን ሁለቴ ተዘርግቷል። ማታ ጫማው ከእሳት ራቅ ብሎ ይደርቃል፤ ቆዳ እሳት ዳር ከዋለ ይሰነጠቃል። አያ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ ብለውናል፤ በሶው ላይ ትንሽ ጨው።