ለመታጠቢያ ቤት እንጨት የቱ ቫርኒሽ?

ወገኖቼ፣ በተለይ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አሮጌ ቤት ገዝታችሁ መታጠቢያ ቤቱን በእጃችሁ ልታድሱ ያሰባችሁ፣ ጣሳው ላይ “ውኃ አያስገባም” የሚል ስላያችሁ ብቻ ቫርኒሽ አትግዙ። እዚህ እንጨቱን የሚጎዳው የሻወር ውኃ ብቻ አይደለም፤ ብርዱም ጭምር ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩ ብዙ ቤቶች የእንጨት መስኮቱ ከገንዳው በላይ ነው። ያኔ ሰው ገንዳው ውስጥ ተቀምጦ ይታጠብ ነበር፤ ሻወሩ ኋላ የተጨመረ ነው። 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀና 50 ከመቶ እርጥበት ያለው አየር 10 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ውኃ ይሆናል። ጥር ላይ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ መስታወቱ ከ10 ዲግሪም በታች ይቀዘቅዛል። ሻወር በተወሰደ ቁጥር ውኃው በመስታወቱ ወርዶ ታችኛው እንጨት ላይ ይተኛል። በዚህ ላይ የቤቱ ማሞቂያ ክረምቱን ሙሉ አየሩን ያደርቃል፣ ሐምሌ ደግሞ ወበቅ ነው። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በጎኑ ግን ያብጣል፣ ይኮማተራል። ቫርኒሹ ድርቅ ያለ ከሆነ አብሮት መሄድ አቅቶት መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ውኃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱ ይጠቁራል። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ የብርድና የሙቀት መፈራረቅ ስለሌለ፣ ከአገር ቤት የዋንዛ በር ያገኘነው ልምድ እዚህ አያዋጣንም።

የድሮ ቫርኒሽ ውኃ ሲነካው ይነጣ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1906 ቫለንታይን የተባለው ኩባንያ ቫልስፓር የሚባለውን ቫርኒሽ ያወጣው የፈላ ውኃ ቢፈስበት እንኳ አይነጣም ብሎ ነው። የመንጣቱ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ መፍትሔ አለው። የቀረው የእንጨቱ መንቀሳቀስ ነው።

ስለዚህ ለመስኮቱ የእኔ ምርጫ ስፓር ቫርኒሽ ነው። ለመርከብ ምሰሶ የተሠራ ስለሆነ ዘይቱ ይበዛል፣ ከእንጨቱ ጋር ይለጠጣል። ለስላሳ ስለሆነ ግን ለወለል አይሆንም፤ ወለል ጠንካራ ፖሊዩሪቴን ይፈልጋል። ለመደርደሪያና ለቁም ሳጥን በውኃ የሚሠራውን ፖሊዩሪቴን ውሰዱ፤ ሽታው ትንሽ ነው፣ በሰዓታት ይደርቃል፣ የእንጨቱንም መልክ ብዙ አያቀላም። ሼላክ ያምራል፤ ውኃ በሚያርፍበት ቦታ ግን አልመክረውም።

ከምርጫው ይልቅ የሚያሳስበኝ አቀባቡ ነው። ፊት ለፊቱን አሳምሮ ቀብቶ ጀርባውንና የተቆረጠውን ጫፍ መተው የተለመደ ነው። ውኃ ከሁሉ አብልጦ የሚጠጣው ግን ያ ጫፍ ነው፤ የበሩም የታችኛው ጠርዝ እንዲሁ። የእያንዳንዱን እንጨት ስድስቱንም ገጽ ቀቡ። ያም ሆኖ እርጥበትን ፈጽሞ የሚያግድ ቫርኒሽ የለም፣ ያዘገየዋል እንጂ፤ ከሻወር በኋላ የአየር ማውጫው ፋን እንዲሠራ ተዉት።

ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቃችሁ በፊት ሊድ እንደሌለበት አስመርምሩ፤ ብናኙ ሕፃናትን ይጎዳል። በዘይት የሚሠራውን ቫርኒሽ የጠረጋችሁበትን ጨርቅም ጠቅልላችሁ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተከመረ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል፤ ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት።