ከፍ ላለ መኪና ቀጭን ጎማ

ሞላ ቀይሮ መኪና ከፍ ማድረግ የኋላውን ዲፈረንሻል አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አያነሳውም። ዋግ ኽምራን እየነዳሁ ኖሬ ይህን ከልቤ የተቀበልኩት ቆይቼ ነው። ሞላው የሚያነሳው ቦዲውን ነው። ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር በአንድ አክስል ታስሮ ስለሚሄድ ከድንጋይ የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው፤ ያውም ጎማው ከጨመረው ቁመት ግማሹ።

የእኔ መኪና አሮጌ ፕራዶ ነው፣ ከ1996 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ሞዴሎች። ሞላና አሞርዛቶሪ አስቀይሬ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌዋለሁ። ያሰረው ጎማ 265/70 አር 16 ነበር፤ ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው። ተሰልቶ ሲታይ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ይመጣል። እኔ ግን የምመኘው 285/75ን ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የማረከኝ ወርዱ ነው። ከፍ ያለ መኪና ጎማው ከፓራፋንጎው ወጣ ብሎ ሰቆጣ መሃል ሲቆም ሰው ዞር ብሎ ያያል። ያ እይታ ለእኔም እንዲደርሰኝ እፈልግ ነበር፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ምክንያቴ የመንገዱ ድንጋይ እንደሆነ እናገር ነበር።

ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት አንድ ወዳጄ የራሱን 285/75 ጎማ ከነቸርኬው አዋሰኝና ወደ ተከዜ ሸለቆ ወረድኩበት። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ ሲወረድ አየሩም መሬቱም ይለወጣል፣ ቁልቁለቱም ቶሎ አያልቅም። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይዞልኝ የምወርደውን ቁልቁለት መኪናው እየቀደመኝ ሄደ። ፍሬን ደጋግሜ ያዝኩ፤ ታች ስደርስ ሸራው ይሸት ነበር። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። 285/75 ቁመቱ 834 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከነበረው በ7 በመቶ ይበልጣል። ጎማ ሲረዝም ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ይፈጥናል። ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ጉልበት ይቀንሳል፣ ፍሬኑም ያንኑ ያህል ተረግጦ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በ7 በመቶ ያንሳል። የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው በእውነት የሚሄደው ወደ 86 ነው። በዚህ ሁሉ ዲፈረንሻሉ ያተረፈው 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለት ጣት ወርድ እንኳ አይሞላም።

ሽቅቡ ደግሞ ሌላ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። በዚያ ላይ የረዘመና የከበደ ጎማ ሲጨመርበት ሁለተኛ የሚበቃበት ዳገት አንደኛ ይጠይቃል። በጠባብ መዞሪያ መሪውን ጨርሼ ሳዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቅ ነበር።

ሰቆጣ ተመልሼ ጎሚስታው ጋ ቆሜ ሳለሁ፣ በዚህ መንገድ ላይ ያረጁ ሾፌር መጥተው ጎማውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ቁመት ፈልገህ ወርድ ገዛህ?» አሉኝ። ቀጥለው በዚያ ያለፈ አንድ ሃርድቶፕ አሳዩኝ። ወደ ቆላው የሚወርዱትን ሃርድቶፖች ልብ ብሎ ያየ ሰው ጎማቸው ቀጭንና ረጅም እንደሆነ ያውቃል፤ 7.50 አር 16 ወይም 225/95 አር 16 ነው የሚያስሩት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ ቤንዚን ስቀዳ አይቻቸዋለሁ፤ ለምን ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። 225/95 ቁመቱ ከተመኘሁት 285/75 ጋር እኩል 834 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወርዱ ግን በ6 ሳንቲ ሜትር ያንሳል።

ቀጭን ጎማ የክረምቱን ጭቃ ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ያገኛል፣ ሰፊው ከላይ ይንሳፈፋል። በስለታም ድንጋይ መሃል ሲታለፍም ለመቆረጥ የሚጋለጠው ጎን ያነሰ ነው። በቆላው ወንዝ አሸዋ ላይ ሰፊው ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ነፋስ ሲቀነስለት የጎማ እግር ከመስፋት ይልቅ በርዝመቱ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ቀጭኑም ነፋስ ተቀንሶለት አሸዋውን ያልፋል፤ ጠጠሩ ላይ ሲወጣ መልሶ መንፋት ብቻ ነው። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ላይ ግን ብዙ አይቀነስም፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ይበጥሰዋል።

እኔ በመጨረሻ የያዝኩት 235/85 አር 16 ነው። ቁመቱ 806 ሚሊ ሜትር፣ ከመጀመሪያው ጎማዬ በ3 ሳንቲ ሜትር ቀጥኖ 14 ሚሊ ሜትር ከፍታ ሰጠኝ። ፓራፋንጎ አይነካም፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ይዞልኛል። ቸርኬውን አልቀየርኩም። 17ና 18 ቸርኬ ያምራል፤ ግን የጎማው ቁመት ሳይለወጥ ቸርኬው ሲያድግ የሚጠፋው ድንጋዩን የሚችለው የጎማው ጎን ነው። ወደ ውጭ የሚያወጣ ቸርኬም የመኪናውን ክብደት ከኩሽኔታው አርቆ ስለሚያሳርፍ ኩሽኔታው ቶሎ ያልቃል። ስኮርታውም አይረሳ፤ ፕራዶ ስኮርታውን የሚሸከመው የኋላ በሩ ላይ ስለሆነ ጎማው በከበደ ቁጥር ማጠፊያው ይጎዳል።

ጎማ ፍለጋ መርካቶ የምትወርዱ የዋግ ሾፌሮች፣ ከመግዛታችሁ በፊት መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። የጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 የሚል ካያችሁ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። አራት ሳይሆን አምስት ግዙ፣ አምስተኛውም ከአራቱ ጋር አንድ ልክ ይሁን።