ዳህራን፦ የሰባተኛው ጉድጓድ አገር

ዳማም፣ ኸበር፣ ዳህራን የሚሉት ስሞች ልጅ ወይም እህት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለላከ ቤተሰብ እንግዳ አይደሉም። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ ተገናኝተው እንደ አንድ ሆነዋል። በዳህራን ጎብኚውን ቀድሞ የሚስበው ተደራርበው የቆሙ ጠጠሮች የሚመስለው ግዙፍ የባህል ማዕከል ነው። ስሙ ኢሥራእ ይባላል፤ በዐረብኛ በ«ሣእ» የሚጻፍና ማበልጸግ ማለት ስለሆነ ከሌሊቱ ጉዞ ጋር እንዳይምታታብን። ከሕንፃው አጠገብ አንድ የተዘጋ ጉድጓድ አለ።

ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ እ.ኤ.አ. በ1933 ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሲሰጡ አገሪቱ ዋና ገቢዋ ከሑጃጆች ነበር፤ በወቅቱ የዓለም ኢኮኖሚ ስለደቀቀም የሑጃጁ ቁጥር አሽቆልቁሎ ነበር። ኸሚስ ቢን ሪምሣን የተባለ በደዊን መንገድ መሪ አሸዋውን እንደ መዳፉ ያውቅ ስለነበር ባለሙያዎቹን እየመራ በረሃውን አስቃኛቸው። የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች አሳፈሩ። ሰባተኛው ግን በመጋቢት 1938 ወደ 1,440 ሜትር ጥልቀት ሲደርስ ነዳጁን ሰጠ። እስከ 1982 ድረስም ከ32 ሚሊዮን በርሜል በላይ ተቀድቶበታል፤ አንድ በርሜል 159 ሊትር ያህል ነው።

ታዲያ ዋጋውን ማን ነበር የሚወስነው? ለብዙ ዓመታት ባለ አገሩ ሳይሆን ኩባንያዎቹ ነበሩ። በነሐሴ 1960 ሳያማክሩ ዋጋ ቢቀንሱ፣ ሳዑዲ፣ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ኩዌትና ቬኔዝዌላ በወሩ ባግዳድ ላይ ተሰብስበው ኦፔክን መሠረቱ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከጥቅምቱ 1973 ጦርነት በኋላ ነው። የዐረብ አገሮች ለእስራኤል ደጋፊዎች ነዳጅ አንሸጥም አሉ፤ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥር 1974 ከ11 ዶላር በላይ ሆነ።

ነገሩ እኛም ቤት ገባ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ ተነሡ። ዘውዱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወደቀ። ምክንያቱ ነዳጅ ብቻ ነበር ማለት አይደለም፤ ክብሪቱን ለመጫር ግን አላነሰም።

የነዳጅ ገበያ ከእህል ገበያ ብዙም አይለይም። ነጋዴው የዛሬውን ምርት ብቻ ሳይሆን ጎተራ ውስጥ ያለውንና የነገውን ደመና ያያል። ለዓለም ነዳጅ ጎተራ ሆና የኖረችው በተለይ ሳዑዲ ናት፤ ሲያስፈልግ ምርት ትጨምራለች፣ ሲበዛ ትቀንሳለች። ሌሎቹ ከኮታቸው እያለፉ ሲሸጡ ለብቻዋ መቀነስ ሰልችቷት በ1985 ቧንቧዋን ብትከፍተው በ1986 ዋጋው ወደ 10 ዶላር ተንኮታኮተ። ፍርሃትም ዋጋ አለው። በመስከረም 2019 ከዳህራን ብዙም የማይርቀው የአብቀይቅ የነዳጅ ማቀነባበሪያ ሲመታ በአንድ ቀን ዋጋው 15 በመቶ ገደማ ዘለለ። በሚያዝያ 2020 ደግሞ ዓለም በወረርሽኙ ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ማከማቻ ጠፋና የአሜሪካ ነዳጅ የቅርብ ወር ውል ለአንድ ቀን ከዜሮ በታች 37 ዶላር ወረደ። ሻጩ ገዢውን «ውሰድልኝ» ብሎ ከፈለ ማለት ነው!

ለእኛ ቤተሰቦች ግን ሒሳቡ ሁለት ገጽ አለው። በርሜሉ 147 ዶላር በደረሰበት በ2008 እናት ከገበያ ስትመለስ የጭነቱን ዋጋ በዘንቢሏ ታየዋለች። በ2014 አጋማሽ ከ110 ዶላር በላይ የነበረው በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ሲወርድ ደግሞ እዚህ እፎይ ያለው ቤት እዚያ ልጁ ይጨነቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሳዑዲ ግንባታዎች ቆመው ብዙ ሺህ የውጭ ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቆይተዋል። ስለዚህ «ነዳጅ ረከሰ» የሚለውን ዜና የሰማ አባት ወዲያው ወደ ዳማም ስልክ ቢደውል አያስገርምም።